በሁለት ጣት የተለካ መንገድ

በግ ነጋዴ ሳለሁ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ገዢ ዓይኑን ካመነ እጁን እንደሚረሳ ነው። በግ በዓይን አይገዛም፤ ወገቡ ይዳሰሳል፣ ላቱ በእጅ ይመዘናል። ከወረኢሉ ገዝቼ መካነ ሰላም ካወረድኳቸው በጎች ግማሾቹ ሥጋቸው ጸጉራቸው ነበር፤ ቢሆንም ተሸጠዋል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ነገር ግን «ወላሂ» ሳልል ዕቃ ሸጬ አላውቅም። በእኛ አገር ይህ አያስገርምም። የሚያስገርመው ሰው አምኖኝ መግዛቱ ነው።

በኋላ በጉን ትቼ ቤት ማሻሻጥ ጀመርኩ። ጊዜው ስብሰባ የበዛበት፣ «ልማት» የሚለው ቃል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣበት ነበር። ከተማችን በየአቅጣጫው ትለጠጣለች፤ አምና ገብስ የታጨደበት ዘንድሮ ችካል ይመታበታል። ገዢው ግን እዚህ ያለው ሰው አልነበረም። የሚገዙት ዓረብ አገር ያሉ ልጆች ናቸው፣ ያውም አብዛኞቹ ሴቶች። ሪያድ፣ ጅዳ፣ ቤይሩት፣ ኩዌት ሆነው የሰው ቤት እያጠቡ የራሳቸውን ቤት ይገዛሉ።

እነዚህ ገዢዎች መዳሰሱ ቀርቶ ማየትም አይችሉም። መጀመሪያ ፎቶ እልክላቸው ነበር። ፎቶ አያምኑም፤ ልክም ናቸው። አንሺው እኔ ነኛ! የተሰነጠቀ ግድግዳ ሲያጋጥመኝ አንድ ባለ አበባ ሰሌን ነበረችኝ፣ እሷን ሰቅዬ አነሳለሁ። አንዷ ከቤይሩት «ጋሼ፣ ይቺን ሰሌን በሦስት ቤት አየኋት፤ ከቤቱ ጋር ነው የምትሸጠው?» ብላ ጻፈችልኝ። ከዚያ በኋላ ሰሌኗን ለቤቴ አነጠፍኳት።

የሳተላይቱን ካርታ ያሳየኝ ከዱባይ የተመለሰ ስልክ ጠጋኝ ነው። ምድርን በስልኩ ላይ እንደ ብርቱካን አሽከረከራት። ከዚያ በሁለት ጣቱ እየከፈተ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደና ድንገት የመካነ ሰላም ጣራዎች ብቅ አሉ። የገበያውን ሜዳ አወቅሁት። የራሴን ጣራ አገኘሁ። የጎረቤቴ አጥር ወደ ግቢዬ ሁለት ክንድ መግባቱን ያወቅሁትም ያን ዕለት ነው። ስልኩን ይዤ ሽማግሌ ፊት አቀረብኩት። ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ አገላብጠው አዩና «ከሰማይ ሆኖ የሚያይ አንድ ፈጣሪ ነው፤ እሱም ለአጥር አይመሰክርም» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ለአጥር ያልሆነው ለገበያ ሆነ። በሚሸጠው ቤት ጣራ ላይ ቀይ ምልክት እተክልና ሎኬሽን እልካለሁ። ሪያድ ያለችው ልጅ ድስቷን ጥዳ፣ በጣቷ ከገበያው ተነስታ፣ መንገዱን ይዛ ሄዳ ቤቷ ደጃፍ ትደርሳለች። ሰሌን የለ፣ ደላላ የለ። ለእሷ እንደዚያ ይመስላታል። ካርታው ራሱ ደላላ መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ። ሥዕሉ የተነሳው ክረምቱ እንደወጣ ነው፤ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ጭቃው አይታይም፣ ሽታው አይሸትም፣ ጎረቤት ሲሳደብ አይሰማም። አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው እንደ ብር ያበራል፤ የዛገ ጣራ ግን ቤቱ የፈለገውን ያህል ጠንካራ ቢሆን የወደቀ ጨርቅ ይመስላል። ስለዚህ የሚያበራውን አስቀድማለሁ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ካርታው ዳገት አያውቅም። የእኛ አገር መሬት የተጨማደደ ነው፤ ካርታው ግን እንደ ቆዳ ወጥሮ ያሰጣዋል። ማዶ ቆሞ ሰላም የሚልህን ሰው ለመጨበጥ ረፋዱን ስትወርድ፣ ከሰዓቱን ስትወጣ ትውላለህ። እዚህ ያለ ሰው ይህን ከጉልበቱ ያውቀዋል። ሰባት ስምንት ዓመት ሜዳ ከተማ ውስጥ በአሳንሰር የኖረ ግን ይረሳል። ርቀትን በጣት ይለካል። «ከዋናው መንገድ አንድ ጣት፣ ከቦኖው ጣት ተኩል» ይሉኛል። አላርማቸውም ነበር። ማረም የመምህር ሥራ ነው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ቤት ያሻሽጣሉ አሉኝ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ያሉሽ ሰዎች እውነታቸውን ነው። ማን ልበል?»

«እሱ ይቆይ። ሚስጥር ይችላሉ?»

«እህቴ፣ ሚስጥር ባልችል ኖሮ ይሄኔ በሕይወት የለሁም።»

ሳቀች። ሳቋ የልጅ ነው፤ ድምጿ ግን የደከመ ሰው ድምፅ ነው። ከመካነ ሰላም በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው በኩል፣ የግማሽ ቀን መንገድ ካላት አንዲት መንደር ናት። ሪያድ አንድ ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርታለች። እናቷ መንደሩ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። የእናቷ ወንድም ደግሞ እዚሁ ከተማችን፣ ከአንዲት ትንሽ መስጂድ አጠገብ፣ ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ ሽማግሌ ሼህ ናቸው። እኔም አውቃቸዋለሁ፤ ከተማው በሙሉ ያውቃቸዋል። እህትና ወንድም የሼህ ልጆች ናቸው፤ በልጅነታቸው ከአንድ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው አብረው ቁርኣን የቀሩት። አሁን የእናትየው ጉልበት እንቢ ብሏል። ለዒድ በበቅሎ ካልመጡ በቀር ዓመት ሙሉ አይገናኙም።

«አንድ ወረዳ ውስጥ ሆነው እንደ እኔ ስደተኛ ሆኑ» አለች። «ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው እናቴ ጠዋት ተነስታ፣ ብቻዋን፣ የማንንም እጅ ሳትይዝ፣ ወንድሟ ጋ ሄዳ ሰላም ብላ እንድትመለስ ነው። በቃ። ሳሎን ምናምን አልፈልግም። ከሁለት አንዳቸው ሳይሞቱ።»

«ታዲያ አጎትሽ እያሉ ለምን እኔን?»

«አጎቴ ከሰማ እናቴ ትሰማለች። እናቴ ከሰማች አገር ይሰማል። ወንድሜ ባጃጅ ግዢልኝ ይላል፣ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ደርሶባታል። ቤቱን ሳልገዛው በቆርቆሮ በቆርቆሮ ይከፋፈሉታል።»

ይህንን ዓረብ አገር ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ቤት የሚገዛው በድብቅ ነው፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ ዘመድ ጆሮ አይደርስም። ለእኔ ዓይነቱ ሰው እንጀራ የሆነውም ይኸው ነው። ጠያቂ ዘመድ የሌለው ገዢ ከየት ይገኛል?

ያን ሰሞን እጄ ላይ አንድ ቤት ነበረች። ባለቤቱ ወደ ደሴ ሊዛወር ቸኩሏል። ሦስት ክፍል፣ ሰፊ ግቢ፣ ከበጋ ፀሐይ የሚፎካከር አዲስ ቆርቆሮ። ከደጃፏ ቆመህ ስታይ የመስጂዱ ሚናራ ግንባርህ ላይ ነው፤ ነፋሱ ከመጣ የልጆቹ ቂርአት ሳይቀር ይሰማል። ችግሩ በመሀል ጥልቅ ሸጥ መኖሩ ነው። ቁልቁል በጠመዝማዛ ወርደህ፣ ወለሉን ተሻግረህ፣ ማዶውን በእጅህም በእግርህም ትወጣዋለህ። ክረምት ላይ ፍየል ራሷ አስባበት ነው የምትገባው። ካርታው ላይ ግን ያ ሁሉ ጉድጓድ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ናት፤ ጎመን የተተከለበት መደብ ትመስላለች።

ላክሁላት። በሳምንቱ ዓርብ ስትደውል ድምጿ ተለውጧል።

«ጋሼ! ሁለት ጣት ናት!»

«ሁለት ጣት ናት» አልኩ። ውሸት ነው? ሁለት ጣት ናት።

«ይቺ አረንጓዴዋስ?»

«ውሃ መውረጃ ናት።»

ይህም እውነት ነው። ውሃው መውረዱንማ ይወርዳል።

ሌላው ገዢ ሎኬሽን ከተቀበለ ስለ ዋጋ ያወራል። ይህቺ ልጅ ግን ዓርብ ዓርብ እየደወለች የእናቷን መንገድ ነበር የምታወራኝ። ካርታውን እሷም ከፍታ እኔም ከፍቼ፣ ከበሩ እስከ አጎቷ ደጅ በጣት አብረን እንሄዳለን።

«እዚህ መሀል ላይ ጥቁር ነጥብ አለች። ዛፍ ናት?»

«ወይራ ናት።»

«ጥላ አላት?»

«አላት።»

«እንግዲያ እናቴ እዚያ ስር ታርፋለች።»

ወይራዋ የሸጡ ወለል ላይ ናት። ከሰማይ ሲያዩአት ጥላዋ እንጂ ምን ያህል ታች መሆኗ አይታይም።

አንድ ቀን ደግሞ የመንደራቸውን ሎኬሽን ላከችልኝ። የእናቷ ሳር ቤት ጉብ ያለች ነገር ሆና ትታያለች፤ ግቢው ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። «ጋሼ፣ ይዩልኝ እስቲ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ የቆመች አትመስልም?» ከፍቼ አየሁ። የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ካልሆነም ላም ናት። «ትመስላለች» አልኩ። በዚያች ቃል የምሸጠው ነገር አልነበረኝም። ለምን እንዳልኩ እንጃ።

ባለቤቴ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ሁሉንም ስትሰማ ነበር።

«የትኛውን ቤት ነው የምትሸጥላት? ያንን ከሸጡ ማዶ ያለውን?»

«እሱን።»

«ሴትዮዋን በገመድ ነው የምታሻግራቸው?»

«ካርታው ላይ ሁለት ጣት ነው።»

«እንግዲያው በካርታው ላይ ይሂዱዋ!»

«እኔ አልዋሸሁም።»

«አንተማ መቼ ዋሽተህ ታውቃለህ። ዝም ብለህ ነው የምትጎዳው።»

ተነስቼ ወጣሁ። ከሚስት ጋር ክርክር ላይ ጥሩው ዋጋ መውጣት ነው።

ነገሩ ወደ ማለቂያው ደረሰ። ደሴ ላለች ጓደኛዋ ውክልና ላከች፤ ሰኞ መጥታ ልትፈርም ተቀጠረ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ከቤቱ በር ተነስተው እስከ አጎቴ ደጅ፣ ስልኩን ሳይዘጉ ይሂዱልኝ። እርምጃውን ልስማው። ዓርብ ልጆቹ ቁርኣን ስለማይቀሩ ቅዳሜ ልብስ ላሰጣ ጣራ ስወጣ እደውላለሁ።»

እሺ አልኩ። የተማመንኩት በኔትወርክ ነው። ለደላላ ከኔትወርክ የበለጠ ባለውለታ የለም። ሸጡ ውስጥ መስመር እንደማይሠራ አውቃለሁ። ስወርድ ይቋረጣል፣ ማዶ ስወጣ እኔው እደውልና «መስመሩ ነው እንጂ ደርሻለሁ» እላለሁ።

ቅዳሜ ደወለች። በሩን ከፍቼ ዘጋሁላት፤ ሲጥጥ ሲል ሰምታ ሳቀች። መራመድ ጀመርኩ። «ጠጠር ነው የሚረግጡት?» «ጠጠር ነው።» «እናቴ ጠጠር አያስቸግራትም፣ ጭቃ ነው እንጂ።» ቁልቁለቱ ሲጀምር እንዳሰብኩት መስመሩ ጠፋ።

ወረድኩ። ያኔ ሃምሳ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም ነበር፣ ሆዴም ከእኔ ይቀድማል። ሁለት ጊዜ አንሸራቶኝ አንዴ ተቀመጥኩ። ወይራዋ ስር ስደርስ ትንፋሼ አልቋል። ቀና ብዬ የመጣሁበትንም የምሄድበትንም አየሁ። «እናቴ እዚያ ስር ታርፋለች» ያለችው ታወሰኝ። በእርግጥ ታርፋለች፤ ማን ያወጣታል ታዲያ? ሴትዮዋ በትራቸውን ይዘው እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ከላይ የወንድማቸውን ድምፅ እየሰሙ፣ መውጣትም መመለስም አቅቷቸው ታዩኝ። አይቻቸው ለማላውቅ ሴትዮ።

ማዶውን ስወጣ፣ ገና ጫፍ ሳልደርስ ስልኩ ጠራ። ትንፋሼ እስኪመለስ መተው ነበረብኝ። ግን ደላላ ስልክ ሲጠራ ዝም ማለት አይችልም፤ በሽታ ነው። አነሳሁት።

«ጋሼ፣ ተቋረጠብኝ እኮ።»

«ኔት… ወርኩ ነው።»

ከዚያ በላይ የሚሰማት ትንፋሼ ብቻ ነበር።

«ምን ሆነው ነው?»

«ዕድሜ ነው።»

«አይደለም» አለች። «እኔ እኮ እንስራ አዝዬ ዳገት ስወጣ ነው ያደግሁት። ይሄ የዳገት ትንፋሽ ነው። የሜዳ ትንፋሽ እንዲህ አይቆራረጥም።» ከዚያ ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ያቺ አረንጓዴዋ ምንድን ናት?» አለችኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ነግጃለሁ፤ መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ዕለትም መልስ አላጣሁም፤ ሦስት አራት ዓይነት መልስ ምላሴ ላይ ነበረ።

«ሸጥ ናት» አልኩ።

«ጥልቅ ናት?»

«ጥልቅ ናት።»

«እናቴ ትወጣዋለች?»

«አትወጣውም።»

«ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው።»

አላለቀሰችም። አልሰደበችኝም። ከወዲያ የመኪና ጥሩምባ፣ ነፋስ የሚያርገበግበው ልብስ ይሰማል። «ስምንት ዓመት» አለች፤ ይህን ብቻ። እኔ ዳገቱ ላይ በአንድ እጄ ቁጥቋጦ ይዤ ቆሜአለሁ።

«አፉ በይኝ» አልኳት።

በወሎ አፉ በይኝ ቀላል ቃል አይደለም፤ ደም የተቃቡም ይታረቁበታል። እኔ ግን የሰው እግር ስረግጥ ብቻ ነበር የምጠቀምበት። የምታሰጣውን ልብስ ስታራግፍ ተሰማኝ።

«አፉ ብያለሁ። አሁን ካርታውን ይዝጉትና በአፍዎ ይንገሩኝ። አጎቴ ደጅ ይቁሙና የሚያዩትን ይንገሩኝ።»

ወጥቼ ሼሁ ደጅ ቆምኩ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይቀራሉ። መጀመሪያ ምንም እንዳልናገር ለመነችኝና ሰማች፤ ረጅም ሰማች። ከዚያ ነገርኳት። በቀኝ የመስጂዱ አጥር። በግራ ናፍጣ የሚሸጥባት ሱቅ፣ ደጇ ክረምት ከበጋ ጭቃ ነው። ከልጆቹ ክፍል ጀርባ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀች አንዲት ክፍልና ጓዳ፣ ጣራዋ የዛገ።

«እሷስ?»

«አትሸጥም።»

«ጠይቀዋል?»

«አልጠየቅሁም። ጣራዋ አያበራም።»

«ይጠይቁዋ! ደላላ አይደሉ?»

ባለቤቱ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ብቻውን ነው የሚኖረው። ወረኢሉ ያለች ልጁ ና እያለች ስትለምነው ዓመታት ሆኗታል። ሁለት ወር ሙሉ ደጁ ተመላለስኩ፤ በመጨረሻ የሪያዷን ልጅ አስፈቅጄ ለማን እንደሚሆን ብነግረው «ሰውዬ፣ ለሼሁ እህት ነው ብለህ መጀመሪያውኑ አትናገርም!» ብሎ ተቆጣኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱ ከወሬዬ ሁሉ የተሻለ ሸጠልኝ። ኮሚሽኔንም ተቀብያለሁ፤ መልአክ አልሆንኩም። ባለ ጥሩ ጣራዋን ቤት ሞተር ብስክሌት ላለው ወጣት ሸጥኳት፣ ሸጡን አስቀድሜ በእግሩ አውርጄ አውጥቼው። ከዚያ ወዲህ ሎኬሽን በምልክበት ጊዜ ከስሩ ዳገቱንና ቁልቁለቱን እጽፍበታለሁ። ገበያዬ ትንሽ ቀዘቀዘ። ትንሽ።

እናትየው የመጡት በበጋ፣ በበቅሎ ነው። ለጉልበታቸው ሐኪም ሊያሳዩአቸው መስሏቸዋል። ስልኬ በሸሚዜ ኪስ ውስጥ ተከፍቷል፤ ሪያድ ትሰማለች። በሩ ላይ «እናቴ፣ ይህ ቤት የእርስዎ ነው፤ ልጅዎ ገዝታልዎታለች» አልኳቸው። ደንግጠው «ያ ረብ!» አሉና ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከወዲያ ልጆቹ ቁርኣን እየቀሩ ነው። ራሳቸውን ወደ ግድግዳው አዘነበሉ።

«ይሄ የማነው ድምፅ?»

«የወንድምዎ ተማሪዎች ናቸው።»

በትራቸውን አነሱ። ክንዳቸውን ልይዝ ብል «ተወኝ ልጄ» ብለው ገፉኝ። ቀስ ብለው፣ ግድግዳውን ተከትለው፣ ዞረው ሄዱ። ሼሁ ምንጣፋቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀና አሉ።

«አንቺ! ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ሰላም ልልህ።»

«ከዚያ ቆላ ድረስ?»

«ከግድግዳው ወዲያ።»

ኪሴ ውስጥ ያለችው ልጅ ምን እንደሆነች አልነግራችሁም። ስልኩን ደረቴ ላይ ይዤ ወደ ናፍጣ ሱቋ ሄድኩላት፤ ለቅሶዋን ማንም እንዳይሰማባት።

ከወር በኋላ ሼሁ መንገድ ላይ ያዙኝ።

«አንተ ደላላ! ምን በድዬህ ነው?»

«ምን ሆኑ ሼሁ?»

«በቀን አራቴ ትመጣለች። ልጆቹን አርማ፣ እኔን አርማ ትሄዳለች። በስተርጅና እንደገና ተማሪ አደረገችኝ እኮ!»

ሌላ ቀን ማለዳ በዚያ ሳልፍ ሼሁ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ልጆቹ ውስጥ ይንጫጫሉ፣ የሚቆጣጠራቸው የለም። ሼሁ ወደ ግድግዳው ማዕዘን ያያሉ።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«ዛሬ ዘገየች» አሉኝ።

«ገና አንድ ሰዓት አልሆነም እኮ።»

«ዘግይታለች» አሉና ዞር ሳይሉ ማየታቸውን ቀጠሉ።